የቦረና ሳይንት ፓርክና የየጎፍ ደን፦ ይዞታቸው፣ በጀታቸውና የሕዝቡ ቅሬታ

ደቡብ ወሎ ውስጥ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሉ የተፈጥሮ ቦታዎች ሁለቱ በተለይ ይነሳሉ። አንዱ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሌላው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የየጎፍ ደን ነው። ፓርኩ ሩቅ ስለሆነ ይረሳል። የጎፍ ደግሞ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ልብ የሚለው የለም። ሰሜን ተራሮችን በስም የሚያውቅ የደሴ ልጅ ስለ ገዛ ዞኑ ፓርክ ሲጠየቅ “ወሎ ውስጥ ፓርክ አለ እንዴ?” ቢል አይገርምም። አለ። ያውም ቀይ ቀበሮ ያለበት።

ፓርኩ የት ነው?

ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ፓርኩ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በኦሮሚያ ደቡብ ካለው የቦረና ብሔራዊ ፓርክ ጋር ስማቸው ስለሚመሳሰል ይምታታል። የእኛው የወሎ ቦረና ነው።

ከፍታው ከ1,900 ሜትር ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ታች ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ወደ ላይ ሲወጣ አምጃና አስታ የሚባሉት የደጋ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ይበዛሉ። ጫፉ ላይ ሣር፣ ጅብራና ውርጭ ነው። ጭላዳ፣ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ሰስ፣ ነብርና ጅብ ይኖሩበታል። ትልቁ ሀብቱ ግን ቀይ ቀበሮ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም፤ በአገሪቱም የቀረው 500 አካባቢ ብቻ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ወሎ ደጋ ላይ አቆይቶ ለዚህ ያደረሰው የአካባቢው ሕዝብ መሆኑ መቼም መረሳት የለበትም።

ፓርክ ከመሆኑ በፊት

አካባቢው ዱሮ የሚታወቀው ደንቆሮ ጫካ በሚል ስም ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ እንደ ሌሎቹ ትላልቅ ደኖች በመንግሥት እጅ ገባ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ የወሎ ደን በመጥረቢያ አለቀ። ደንቆሮ ከሞላ ጎደል ተረፈ፤ ገደሉና ርቀቱ ሳያግዙት አልቀሩም።

ፓርክ ከሆነ ወዲህ

የአማራ ክልል ቦታውን በ2001 ዓ.ም. በብሔራዊ ፓርክነት ከለለው። ያን ጊዜ ስፋቱ ከ4,000 ሄክታር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በኋላ ወሰኑ ሰፍቶ ከ15,000 ሄክታር በላይ እንደሆነ ይጠቀሳል። ወረሂመኖ የሚለው ስምም ኋላ የተጨመረ ነው። ሁለቱ የስፋት ቁጥሮች ዛሬም በየጽሑፉ ተደበላልቀው ይገኛሉ። ለአንባቢ ይህ የቁጥር ልዩነት ነው። ለገበሬው ግን ከብቱ ትናንት የጋጠበት መስክ ዛሬ የማን ነው የሚል ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ዘመን ብዙ የተጻፈ ነገር አለ። ምክንያቱም ፓርኩ ከመከለሉ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀምሯል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው የራሳችን ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ለምርምር የሚሆን ፓርክ በዚያው ዞን ተገኘ። የዚህም የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎችና መምህራን ስለ ጭላዳው፣ ስለ ጉሬዛው፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ በሰውና በአውሬ መካከል ስላለው ግጭት አጥንተዋል። ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይላሉ። ግጦሽ፣ የእርሻ መስፋፋትና እንጨት ቆረጣ ፓርኩን እየጎዱት ነው። ገበሬውም በአውሬ እየተጎዳ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ያው ነው፦ ሕዝቡን ተጠቃሚ ማድረግ። እንዴት በሚለው ላይ ግን ከወረቀት ያለፈ ብዙ አልታየም።

ማን ያስተዳድረዋል ለሚለው መልሱ በሕግ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት አገራዊና ዓለም አቀፋዊ ፋይዳ አላቸው የተባሉት ፓርኮች በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ሥር ናቸው። የቀሩት የክልል ናቸው። ሰሜን ተራሮችና አላጥሽ አማራ ክልል ውስጥ ሆነው በፌዴራል ይተዳደራሉ። ቦረና ሳይንት ግን ስሙ ብሔራዊ፣ ባለቤቱ ክልል ነው። ቀይ ቀበሮን የያዘ ቦታ አገራዊ ፋይዳ ከሌለው የትኛው እንዳለው ለመረዳት ይከብዳል። ይህ የወሎ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያው ቅሬታ ነው፤ ተገቢም ይመስላል። በሌላ በኩል ፌዴራል መሆን ብቻውን ገንዘብ አያመጣም የሚሉም አሉ።

ገንዘቡ

የፓርኩ መደበኛ በጀት ከክልል ይመጣል። የክልል መሥሪያ ቤት በጀት እንዴት እንደሚያልቅ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ደመወዝ ይነሳል። የተረፈው ለነዳጅ፣ ለአበልና ለጽሕፈት መሣሪያ ይቃመሳል። ለስካውቱ፣ ማለትም ለፓርኩ ጠባቂ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጫማና አቅርቦ ማያ መነጽር የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ ከተረፈ ነው። ስካውት ማለት ውርጭ ላይ የሚያድር ሰው ነው። ክረምት ላይ ገደል ለገደል በእግሩ ይዞራል። ብዙ ጊዜ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነው። ስለዚህ ከብቱን ፓርኩ ውስጥ አስገብቶ የሚያዘው ሰው የአጎቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይዞ ቢከስሰው ከዘመድ ይቀያየማል። ቢለቀው ሥራውን አልሠራም ይባላል።

ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብስ? በአገራችን አሠራር የፓርክ ገቢ በጥቅሉ ወደ መንግሥት ቋት ይገባል። ፓርኩ ያገኘውን ይዞ መልሶ ለራሱ አያውለውም። ለቦረና ሳይንት ይህ ብዙ ለውጥ ላያመጣ ይችላል፤ ከመጀመሪያውም የሚመጣው ጎብኚ ጥቂት ነውና። አሠራሩ ግን ፓርኩን የሚመሩትን ሰዎች ሞራል ይገድላል። ቢተጉም ቢተኙም በጀቱ ያው ነው።

ከሰሜን ተራሮች ጋር ማወዳደር የተለመደ ነው። እሱ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከ1996 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ቆይቶ ወጥቷል። በእነዚያ ዓመታት ኦስትሪያን የመሰሉ ለጋሾች ገንዘብ አውጥተውበታል። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ቃጠሎ ሲነሳ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያ መጥቷል። ወሎ ላይ አስታው ቢነድ መጀመሪያ የሚደርሰው ገበሬው ነው፤ ቅጠል ቆርጦ እየደበደበ ያጠፋል። ለዚህ አበል የለውም።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ወሬም ተጨምሯል። በዚሁ በደቡብ ወሎ ያለው ሎጎ ሐይቅ ገበታ ለትውልድ በተባለው የመንግሥት የቱሪስት መዳረሻ ልማት ፕሮጀክት ተካትቷል። ሐይቅ መልማቱን የሚጠላ የለም፤ ውበቱም ይገባዋል። ነገር ግን ለሪዞርት የሚወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው፣ ከዚያ ላይ ቅንጣቷ ለስካውት ጫማ ብትውል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ገብሱና ጭላዳው

ከሁሉም የከረረው ቅሬታ የፓርኩ አዋሳኝ ገበሬዎች ቅሬታ ነው። የወሎ ደጋ በበልግ ዝናብ ገብስ ያመርታል። በልግ ከከዳ ዓመቱ ከበደ ማለት ነው። በልግ ሲሰምር ደግሞ ጭላዳ አለ።

ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ፀሐይ ሲሞቀው መንጋው ወደ ሜዳው ይወጣል። ሣሩን እየነጨ፣ እየተቀመጠ፣ ቀስ እያለ ወደ ማሳው ይጠጋል። ገብሱ እሸት ሲሆን ሣር መንጨቱን ትቶ ዛላውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠርጋል። በአንድ ጠዋት የማሳው ዳር ተላጭቶ ይቀራል። ስለዚህ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ይጠብቃል። ጠዋት የሚጠብቅ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አይገኝም። ይህ ወጪ በየትኛውም የፓርክ በጀት ሰነድ ላይ አይጻፍም።

ጭላዳው የመንግሥት ነው፤ ገብሱ የገበሬው። ለተበላው ካሳ የሚከፍል ቋሚ ሥርዓት በአገሪቱ አልተዘረጋም። ለተነጠቀ በግም ያው ነው። በግ በነብር፣ በጅብ ወይም በተኩላ ሲበላ ቁጣው አንዳንዴ ቀይ ቀበሮው ላይ ያርፋል። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው አይጥ እየበላ ነው። ለገብሱ እንዲያውም ወዳጅ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ገበሬው አያውቅም ብሎ መናገር ግን ነውር ነው፤ ብዙው ያውቃል። ከሰው የበለጠ ለቀይ ቀበሮው የሚያሰጋው ከየመንደሩ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሾችን መከተብ ደግሞ በጀት ይጠይቃል።

ሌላው ስጋት ከቀዬ መነሳት ነው። ሰሜን ተራሮች ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውሯል። ወሬው ወሎ ደርሷል። ወሰን የሚለካ ባለሙያ በታየ ቁጥር ገበሬው የሚጠረጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰዎቹ ተጠይቀው ይሁን ሳይጠየቁ ወሰኑ ሰፋ በሚለው ላይ የየወገኑ አነጋገር ይለያያል።

ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሳው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለው የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ነው። እዚያ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሕግ ሣሩን ዘግቶ፣ በቀጠሮ ከፍቶ፣ ተካፍሎ አጭዶ ኖሯል። የ1967ቱ አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ቆይቶ በማኅበረሰብ ጥበቃ መልክ ተመልሷል። ቀይ ቀበሮም ጭላዳም እዚያ አሉ። ቦረናና ሳይንት ላይ ተመሳሳይ ነገር የማይሞከርበት ምክንያት እስካሁን አጥጋቢ ማብራሪያ አልተሰጠበትም።

የጎፍ

የጎፍ ፓርክ አይደለም፤ የመንግሥት ደን ነው። በደርግ ጊዜ በአገር ደረጃ ቅድሚያ ይሰጣቸዋል ከተባሉት 58 ደኖች አንዱ ነበር። ጫፉ 3,000 ሜትር ያህል ነው። ጥድና ወይራ አለው፤ የተተከለ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድም አለበት። ውኃው ወደ ቦርከና ይወርዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁል የወረደ ሁሉ በመስኮት አይቶታል፤ ስሙን ባያውቅም።

እዚህ ቅሬታው የተለየ ነው፤ የማገዶ ነው። ሁለት ከተሞች ከሥሩ አሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ ከሰል ይመለሳል። ጠዋት በማለዳ ሴቶች ጀርባቸው እስኪጎብጥ ቅርንጫፍ ተሸክመው ይወርዳሉ። ጥበቃ ካገኛቸው መጀመሪያ የሚወሰደው መጫኛው ነው። መጫኛ ከሌለ ነገም ሸክም የለም። አንዳንዷ መጫኛዋን ለማስመለስ ስትለምን ይታያል። በዚያው ሰሞን ግንዱን በመኪና የሚያወርድ ሰው ሳይነካ ያልፋል የሚል ሐሜት ከከተማው አይጠፋም። ሐሜት ነው። ግን በጣም የቆየ ሐሜት ነው።

የጎፍን ፓርክ ወይም የከተማ መዝናኛ እናድርገው የሚል ሐሳብም ይነሳል። የእግር መንገድ ቢወጣለት፣ ከጦሳ ተራራና ከአዝዋ ገደል ጋር ተያይዞ ቢታይ፣ ደሴ ቢያንስ አንድ ቀን ጎብኚ ታሳድር ነበር። አሁን ወደ ላሊበላ የሚሄደው ሰው ደሴ ምሳ በልቶ ያልፋል።

ከጦርነቱ ወዲህ

ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ግጭት አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ፓርክ በጀት ማንሳት ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ጥበቃ ሲላላ መጥረቢያው ወዲያው ይገባል፤ ወሎ ይህን በ1983 አይቶታል።

መሄድ ለሚፈልግ

መነሻው ደሴ ነው፤ ወደ መካነ ሰላም የሚሄደው መኪና ማለዳ ይያዛል። ማደሪያው መካነ ሰላም ነው። ከዚያ ወደ ፓርኩ መኪና መኮናተር ያስፈልጋል። ያለ ስካውት መግባት አይመከርም። ጋቢና ወፍራም ልብስ መያዝ ግድ ነው። ሰላሙን ግን ከመነሳት በፊት ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ይቀድማል።