የጉበት ቫይረስ መገኘትና የጉበት መድከም ልዩነት
በባሕር ዳሩ የሰፈራችን ቡድን ሁለቱ ደጋግመው ስለሚምታቱ ልዩነቱን ላስረዳ። በምርመራ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ የተገኘበት የጣና ዓሣ አስጋሪ ጉበቱ ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን መሥራቱንና መርዛማ ነገሮችን ማስወገዱን ከቀጠለ፣ ቫይረሱ በደሙ ቢኖርም ጉበቱ ደክሟል አይባልም። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ከተነፋ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ግን ጉበቱ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። (በሐይቁ ዳር የሚታወቀው ብልሃርዝያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታም ሆድን ሊነፋና ደም ሊያስመልስ ስለሚችል፣ መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው።)

የደከመ ጉበት ሕክምና እንደ መንስኤው ይለያያል፤ ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት የሄፓታይተስ ቢ ቫይረሱን ያዳክማል እንጂ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም፣ መጠጥ ያመጣው ጉዳት ከሆነ ጠላም አረቄም ፈጽሞ መተው አለበት፣ የሆድ ውኃ ደግሞ ጨው በመቀነስና በሚያሸና መድኃኒት ይቀላል። በእነዚህ ለማያገግም ጉበት የሚቀረው ንቅለ ተከላ ሲሆን፣ ለማን እንደሚሆን የሚወሰነው በምርመራ ነው። አንዳንድ የባህል መድኃኒት ራሱ ጉበትን ስለሚመርዝ፣ እባካችሁ ለታመመ ሰው አትስጡ።