«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

ሃምሳ ሎሚ ቢመዘን ስንት ይመጣል? የአገራችን ሎሚ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ከገበያ የምትመለስ እናት የዚያን እጥፍ ሽንኩርት በአንድ እጇ አንጠልጥላ ቤቷ ትገባለች። ታዲያ አበው ምኑን ነው ሸክም ያሉት? ሎሚ ክብ ነው፤ ልጣጩም ልሙጥ ነው። ያለ ከረጢት ሃምሳውን ልያዝ ያለ ሰው አንዱን ከመሬት ሲያነሣ ሦስቱ ከጉያው ይንከባለሉበታል። አድካሚው መሰብሰቡና እንዳይወድቅ መጠበቁ ነው።

ጌጥ መባሉም እንዲሁ ለአባባሉ ማሳመሪያ የገባ ቃል አይደለም። ሎሚ በእጅ ይዘው የሚያሸቱት፣ በበዓል ቀን የሚታይ ነገር ነው። በጥምቀት ጎረምሳው የወደዳትን ልጃገረድ በሎሚ ደረቷን ይመታል፤ ለዚህ አንድ ሎሚ ይበቃዋል። ሃምሳውን ታቅፎ ጃንሜዳ የሚወርድ ቢኖር ግን ነጋዴ እንጂ ወዳጅ ፈላጊ አይመስልም።

ምሳሌው ዛሬ የሚነገረው በአብዛኛው መዋጮ ሲጠየቅ ነው፤ ለታመመ ጎረቤት ማሳከሚያ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ። ከ«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ጋርም እንደ መንትያ ይቆጠራል። እኔ ግን ሁለቱን አላመሳስላቸውም። በድሩ ምሳሌ እያንዳንዱ ክር በገመዱ ውስጥ ይጠፋል፤ ኃይሉ የጅምላ ነው። በሎሚው ምሳሌ ግን ሃምሳው ሰው አንድ ላይ ከቆመ በኋላም የእያንዳንዱ ሎሚ በእጁ ይታያል። ባዶ እጁን የመጣው ወዲያው ይለያል።

ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ የሚታየው ክፍል ውስጥ ነው። በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የተስፋፋውን «አንድ ለአምስት» የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። በትምህርቱ የጎበዘ አንድ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን እንዲያግዝ ይመደባል። በወረቀት ላይ ሲነበብ ሎሚውን ያከፋፈለ ይመስላል። በብዙ ቦታ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ጎበዙ ስድስቱንም ሎሚ ተሸከመ፣ አምስቱ አጀቡት። የቡድን ሥራ ሲሰጥም አንዱ ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ፣ ጠዋት የሽፋን ገጹ ላይ የሁሉም ስም ይደረደራል፤ ነጥቡም እኩል ነው። ከዚያ «ተማሪው መወያየት አይወድም» ተብሎ ይወቀሳል። ምን የሚወያይበት ነገር በእጁ አለና?

በእርግጥ መወያየት ለእኛ እንግዳ አልነበረም። የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ በመጻሕፍት ቤት፣ ትርጓሜው በቃል የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ተማሪዎች ከመምህሩ የሰሙትን ተሰብስበው ይከልሱታል፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያወጣዋል።

ምሳሌውን ሳይሰማ ቃል በቃል የፈጸመው ሰው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ፣ ክፍሉ የጠብ ሜዳ ሆነ። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሊቁ ኤሊዮት አሮንሰን ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ያመጣው መላ ትምህርቱን መቆራረስ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ቁራጭ ይሰጠዋል። እንግሊዝኛው የሚያደናቅፈውን ልጅ ይሳለቁበት የነበሩት፣ ያለ እሱ ቁራጭ ፈተናውን እንደማያልፉ ሲገባቸው ዝም ብለው ያዳምጡትና በጥያቄ ያግዙት ጀመር። ዘዴው ጂግሶ ይባላል፤ እኔ «የሎሚ ክፍፍል» ብለው ደስ ይለኛል።

በእኛ ክፍል እንዴት ይሠራል? ዐድዋን እንውሰድ። ትምህርቱ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ የምኒልክ የክተት አዋጅ፣ አምባላጌ፣ የመቀሌው ከበባ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በየቡድኑ ያሉ አምስት ልጆች አንድ አንድ ቁራጭ ይወስዳሉ። ከመወያየታቸው በፊት ግን ከየቡድኑ አንቀጽ 17 የደረሳቸው ልጆች ለብቻቸው ይቀመጡና የአማርኛውና የጣሊያንኛው ቅጂ የት ላይ እንደተለያየ አብረው ያጠናሉ። መቀሌ የደረሳቸውም እንዲሁ፤ ምሽጉ ውስጥ ያለው ጦር ውኃው ሲያዝበት ምን እንደሆነ ይመረምራሉ። ይህች ደረጃ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ ያለ እሷ ግን ደካማው ልጅ የተሳሳተ ነገር ይዞ ወደ ቡድኑ ይመለሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ለአራቱ ያስረዳል። አንቀጽ 17ን የያዘችው ልጅ ካልተናገረች ሌሎቹ ጦርነቱን ያውቁታል፣ የጠቡን መነሻ ግን አያውቁትም። ክርክሩ የሚነሣውም እዚያ ላይ ነው፤ «ውሉ ባይፈርስ ኖሮስ?» የሚል አንዱ አይጠፋም።

ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥራ ሁለት ልጆች አንድ ቁራጭ ሊደርሳቸው ነው፤ ይህ ለውይይት ስለሚበዛ ለሦስት መክፈል ይሻላል። ረጅሙን ዴስክ ማንቀሳቀስ ካልተቻለም የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጥ። ጫጫታ ይኖራል፤ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው «መምህር የለም እንዴ?» ሊሉ ይችላሉ። ፈተናው ደግሞ የግል ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ አምስቱም ቁራጮች ይጠየቃል፣ የሽፋን ገጽም የለውም።