ሲያድጉ የከሰሙት፦ የአፍቃሪዎች ድረ ገጾች ታሪክ ከሀዋሳ ሲታይ

የአፍቃሪዎች ድረ ገጽ የምንለው አንድን ነገር ከልባቸው የሚወዱ ሰዎች ለመሰሎቻቸው የሠሩትን ገጽ ነው። ነገሩ ካሜራ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር፣ ባቡር፣ ወፍ፣ የድሮ ሙዚቃም ሊሆን ይችላል። ሠሪው ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም። ቀን ሌላ ሥራ ይሠራል፣ ማታ ገጹን ሲያሰፋ ያመሻል። እንዲህ ያሉ ገጾች በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አሸን ፈሉ። በ2000ዎቹ ደረጁ። ከ2010 ወዲህ ግን አንድ በአንድ ደበዘዙ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቹን የጎዳቸው ማጣት ብቻ አይደለም። እንደግ፣ እንስፋ፣ እንሽጥ የሚለው ሩጫም ነው።

ሀዋሳ ካሜራ ለሚይዝ ሰው ደግ ከተማ ናት። ሐይቁ አለ። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው አለ። ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር የማይጠፉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች አሉ። እኔ ፎቶ ማንሳት ስጀምር የጎደለኝ የሚያስተምር ሰው ነበር። ያኔ ኢንተርኔት ቤት ሒሳቡ በደቂቃ ነው። አንዱ ገጽ እስኪከፈት ደቂቃው ይበላል። ስለዚህ እዚያ ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚባል ነገር የለም። አሥር ገጽ በአንዴ መክፈት፣ ሁሉንም ሴቭ ማድረግ፣ በፍላሽ ይዞ ወደ ቤት መሮጥ። ቤት ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሌሊቱን ማንበብ ነው። ፍላሹ ላይ «ካሜራ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። የፎልደሩ ግማሽ ከአንድ ገጽ የመጣ ነው፤ ካሜራ ከሚመረምረው ከዲፒሪቪው። ሌላው ግማሽ የአንድ ሰው ሥራ ከሆኑ ትንንሽ ገጾች ነው። ዛሬ የእነዚያን ትንንሾች አድራሻ ብትጽፉት አብዛኛው አይከፈትም።

ዲፒሪቪውን በ1998 የጀመረው እንግሊዛዊው ፊል አስኪ ነው። ዲጂታል ካሜራ ገና አሻንጉሊት የሚመስልበት ዘመን ነበር። የገጹ ምርመራ ጉድ ነው። አንዱ ካሜራ ብቻ ሃያ ምናምን ገጽ ይወስዳል። ስንት ግራም ይመዝናል? ሲበራ ለመዘጋጀት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ጨለማ ላይ ምስሉ ምን ያህል ይሻክራል? የባትሪው ክዳን ጠንካራ ነው ወይስ ልል? አንዱን ትዕይንት በተለያዩ ካሜራዎች አንስተው ጎን ለጎን ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ፍርዱ የራስህ ዓይን ነው። ያንን ካሜራ የመግዛት አቅም ባይኖረኝም ምን ማየት እንዳለብኝ ያስተማረኝ ይኸው ነው።

አማዞን ገጹን በ2007 ገዛው። እውነቱን ለመናገር ገዢው ለዓመታት ብዙም አልነካካውም። ግን ትልቅ ድርጅት ውስጥ ትንሽ ነገር መሆን የራሱ አደጋ አለው። አማዞን ሠራተኛ በብዛት ሲቀንስ፣ በማርች 2023፣ ዲፒሪቪው በሚቀጥለው ወር ይዘጋል ተባለ። የሩብ ምዕተ ዓመት ሥራ ነው። ሰው ደነገጠ፣ ገጾቹን ለማትረፍ መገልበጥ የጀመሩም ነበሩ። በጁን ጊር ፓትሮል የሚባል ድርጅት ገዛውና ተረፈ። ዕድለኛ ከሚባሉት ነው።

አናንድቴክ ያን ያህል ዕድለኛ አልነበረም። አናንድ ላል ሺምፒ በ1997 ሲጀምረው የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የኮምፒውተር ፕሮሰሰርን እንደ ሰዓት ሠሪ ፈታትቶ የሚያሳይ ገጽ ነው። መሥራቹ በ2014 ለቅቆ አፕል ገባ። በዚያው ዓመት ገጹ ፐርች ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። በ2018 ደግሞ ፊውቸር ወደተባለ አሳታሚ እጅ አለፈ። ኦገስት 30 ቀን 2024 ከ27 ዓመት በኋላ ሥራውን አቆመ። ሳምንታት የሚፈጅ ምርመራ የሚጽፍ ሰው ደመወዙን የሚያወጣበት ገበያ ጠፍቶ ነበር።

አካሄዱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ጎብኚ ይበዛል። ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሒሳብ ያመጣል። ባለቤቱ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ በዚህ ማንም አይከፋም። ነገሩ የሚበላሸው ሒሳብ ከመሸፈን አልፎ በየዓመቱ መጨመር ግዴታ ሲሆን ነው። ባለሀብት ከገባበት ገንዘቡ በብዙ እጥፍ እንዲመለስ ይፈልጋል። ካሜራ የሚወድ ሰው ግን ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ካሜራ የማይወደውንም መጋበዝ ግድ ይላል። ርዕሱ ይሰፋል። «ለበዓል የሚሆኑ ምርጥ አሥር ስጦታዎች» ዓይነት ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉ ለአንባቢ መሆኑ ይቀርና ጉግል ላይ ቀድሞ ለመውጣት ይጻፋል። የማስታወቂያው ገንዘብም ቢሆን ትልቁን ድርሻ ጉግልና ፌስቡክ ወስደውታል። የቀረውን ፍርፋሪ ለመልቀም ገጹን በማስታወቂያ ማጨናነቅ ነው። ዳታ ቆጥቦ የሚጠቀም የሀዋሳ ልጅ ጽሑፉን ሳያገኘው በፊት ሜጋባይቱ ያልቃል።

ከዚያ ኮሚሽኑ አለ። አንባቢው ሊንኩን ነክቶ ዕቃ ሲገዛ ገጹ ከሻጩ ድርሻ ያገኛል። በኛ ቋንቋ ድለላ ነው። ደላላ ሁሉ ዋሾ ነው አልልም። ግን ደላላ «ይሄን ቤት ተወው፣ አትግዛው» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ለኔ ከሁሉ የሚያናድደው የሲዲዲቢ ታሪክ ነው። የዘፈኖቹ ስም ሽፋኑ ላይ ቢኖርም የሙዚቃ ሲዲው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይጻፍም ነበር። ኮምፒውተር ውስጥ ስትከተው «ትራክ 1፣ ትራክ 2» ብቻ ይላል። ቲ ካን እና ስቲቭ ሸርፍ በ1990ዎቹ መላ አመጡ። ሲዲውን በዘፈኖቹ ርዝመት ለይቶ ስሞቹን ከኢንተርኔት የሚያመጣ መዝገብ ሠሩ። መዝገቡን የሞላው ማነው? ተራው ሰው። ሲዲውን ገዝቶ፣ ሽፋኑን እያየ፣ ርዕሱን አንድ በአንድ እየጻፈ የላከ ሰው። የጥላሁን ገሠሠን ሲዲ ስትከት ርዕሶቹ ከወጡልህ፣ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎታል ማለት ነው። በነፃ።

መዝገቡ በ1998 ኤሲየንት ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። በኋላ ስሙ ግሬስኖት ሆነ። አገልግሎቱን የሚጠቀሙ የፕሮግራም ሠሪዎች ፈቃድና ውል ተጠየቁ። በ2008 ሶኒ በ260 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ርዕሱን የጻፉት ሰዎች ከዚያ አንዲት ሳንቲም አላዩም። ብዙዎቹ ገንዘብ ፈልገውም አልነበረም። ያናደዳቸው የጋራ ብለው ያዋጡት ነገር የሰው ንብረት ሆኖ ማግኘታቸው ነው። ከዚያ ንዴት ሙዚክብሬንዝ ተወለደ። ሮበርት ኬይ የጀመረው ይህ መዝገብ ዋናው መረጃው ማንም እንዲወስደው ክፍት ነው። ማንም ተነስቶ ቢሸጠው ሌላው ቅጂ ይዞ ይቀጥላል። እስከዛሬም ይሠራል።

ካውችሰርፊንግም የዚያው ዘመድ ነው። እንግዳ ያለ ክፍያ ቤት የማሳደር ልማድ ላይ የቆመ ገጽ ሲሆን በ2004 ተጀመረ፣ ለትርፍ ያልቆመ ነኝ ይል ነበር። በ2011 ወደ ትርፍ ድርጅት ዞረ። በሜይ 2020፣ ወረርሽኙ ሁሉንም ቤት በዘጋበት ሰሞን፣ በብዙ አገሮች ያሉ አባላት ካልከፈሉ የራሳቸውን ገጽ እንኳ መክፈት አልቻሉም። እንግዳ ቤቱ ያሳደረ ሰው በሩ ላይ ክፈል ሲባል አስቡት።

ዲግ ደግሞ በአንድ ለሊት ሊባል በሚችል ፍጥነት ወደቀ። አንባቢው ራሱ በድምፁ ዜና የሚመርጥበት ገጽ ነበር። በኦገስት 2010 አዲስ ገጽታ አመጣ። ትልልቅ አሳታሚዎች ጽሑፋቸው በራሱ እንዲገባ ማድረግ ቻሉ። ተጠቃሚው አመፀ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሬዲት የሚባል ተመሳሳይ ገጽ ገባ። በ2012 ስሙና ቴክኖሎጂው በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ሬዲትም ተራው ደርሶት በ2023 እሱን ለማንበብ ሌሎች በሠሯቸው መተግበሪያዎች ላይ ከባድ ክፍያ ጣለ። አፖሎ የሚባለው ተወዳጅ መተግበሪያ በጁን መጨረሻ ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት ማርች ላይ ሬዲት አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ።

ተቃራኒውን ማየት ለፈለገ ውክፔዲያ አለ። በ2002 መጀመሪያ ማስታወቂያ ሊገባ ነው የሚል ነገር ሲሰማ የስፔንኛው ክፍል አዘጋጆች ጥለው ወጡ። የገጹን ቅጂ ይዘው የራሳቸውን ኢንሳይክሎፒዲያ አቋቋሙ። ማስታወቂያው ቀረ። የአማርኛውን ውክፔዲያ ስትከፍቱ አጠገቡ የውርርድ ምስል የማይጨፍረው ከዚያ ወዲህ በያዙት አቋም ነው። ሰዎቹ ቅጂውን ይዘው መውጣት መቻላቸው ነበር ጉልበታቸው።

እኛ ጋ ይህ ሁሉ የሚታየው ቴሌግራም ላይ ነው። ድረ ገጽ ለመሥራት ዶሜይን የሚባል የገጽ አድራሻ አለ፣ በዶላር የሚከፈል አለ። ቴሌግራም ነፃ ነው፣ ስልክ ካለህ በቃ። የኳሱም፣ የወፉም፣ የካሜራውም ወዳጅ ቻናል ከፈተ። እኔ የምከታተለው አንድ ነበር። ያገለገሉ ካሜራዎችን እንዴት መፈተሽ እንዳለብን የሚያስተምር ልጅ ነው የከፈተው። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ እያበራ ፈንገስ ያለበትን ያሳየናል። የሐይቅ ዳር ከተማ ላይ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ከከረመ ፈንገስ እንደሚወደው የሰማሁት ከሱ ነው። ሁለት ሺህ ሰው ሳይሞላ በፊት ጥያቄ ሁሉ መልስ ያገኝ ነበር።

ከዚያ አባሉ በዛ። መጀመሪያ የልብስ ማስታወቂያ መጣ፣ «ይደግፉን» ተብሎ። ቀጥሎ ውርርድ። የሌንሱ ትምህርት በሳምንት አንዴ ሆነ፣ በኋላ ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የቻናሉ ስም ተቀይሯል። የውጭ አገር የሥራ ዕድል ያወጣል። የድሮዎቹ ፖስቶች በሙሉ ተጠርገዋል። ቻናሉ ከነአባሉ ተሽጧል ማለት ነው። እኛም አብረን ተሸጥን። ልጁን ግን አልፈርድበትም። ሦስት ዓመት በነፃ ሲያስተምር ካርድ የሞላለት የለም፣ እኔንም ጨምሮ።

አሁን ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ካሜራ አንግተው ከሚዞሩት ጋር ትንሽ ግሩፕ አለን። ማስታወቂያ አይገባም። ዝግ ስለሆነ ግን አዲስ ጀማሪ ጉግል ላይ ፈልጎ አያገኘንም። የተጻፈው ሁሉ በቻት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ተመልሶ የሚያነበው የለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ በየወሩ ይጠየቃል። ባለፈው ሳምንትም አንዱ ፎቶ ላከ። «ሌንሴ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አለ፣ ምንድን ነው?» አለ። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። «ካሜራ» የሚለው ፎልደር ይከፈታል። ፈንገስን በፎቶ እያሳየ የሚያስረዳው ገጽ ከእነዚያ ከትንንሾቹ የአንዱ ነው፣ እሱም አለ። ፋይሉን ላክሁለት።

«አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ሊንኩን ብትልክልኝ ይሻል ነበር» አለኝ።