አዳፕተር ምንድን ነው? (ቮልት አይቀይርም!)

ትናንት ደግሞ አንዷ ከአሜሪካ የመጣላትን የፀጉር ማድረቂያ በፌስታል ይዛ መጣች፣ ገና ሳትከፍተው ሽታው ደረሰኝ። "በአዳፕተር ነው እኮ የሰካሁት" አለችኝ። አቦ እስቲ ይሄን ነገር አንዴ እንጨርሰው።

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የምትገዟት፣ ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ስፒና ወደ ክብ እግር የምትቀይረው ነጭ ነገር ውስጧ ምንም የለም፣ ፈትቼ አይቻታለሁ፣ ቁራጭ ብረት ነው በቃ። የኛ ሶኬት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካው 120፣ እሷ ግን 220 ከገባባት 220 ነው የሚወጣው። ጥፋቱ የስሙ ይመስለኛል፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ያለችውን ጥቁር ሳጥንም አዳፕተር ነው የምንላት፣ እሷ ግን የምሯን 220ውን ወደ 19 ምናምን ታወርዳለች፣ ስለዚህ ሰው አዳፕተር የተባለ ሁሉ የሚያወርድ ይመስለዋል።

ድሬ መጋላ ሰፈር ገብተህ ሽርጥ ስለታጠቅክ ሶማሊኛ አትናገርም አይደል? አዳፕተር ሽርጥ ነው። አስተርጓሚው ቮልቱን የሚቀይረው ትራንስፎርመር ነው፣ እሱ ደግሞ ስታነሳው በክብደቱ ታውቀዋለህ። የስልክህ ቻርጀር የድሬው ገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ በለው፣ ጀርባው ላይ ኢንፑት 100-240 ቮልት ይላል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ብታናግረው ይመልስልሃል፣ ሽርጥ ብቻ ይበቃዋል።

አንዱ "3 አመት አሜሪካ ስመላለስ በሱ ሰክቼ ምንም አልሆነም" ይለኛል። ወንድሜ፣ የሰካኸው ስልክ ነዋ! ያዳነህ ቻርጀሩ ነው እንጂ አዳፕተሩ አይደለም። 120 ቮልት ብቻ የሚል ማድረቂያ አንድ ቋንቋ ነው የሚያውቀው፣ 220 ስትለቅበት ሙቀቱ እጥፍ አይደለም የሚሆነው ከ3 እጥፍ በላይ ነው፣ 1500 ዋት የነበረው ወደ 5000 ይሄዳል፣ ያንን ደግሞ የቤትህ ሶኬትም አይችለውም።

ትራንስፎርመር እገዛለሁ ካልክ ዋቱን እይ፣ ባለ 100 ዋቷ ለማድረቂያ አትሆንም። ኸርትዝም (ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) አይቀይርም፣ ለ60 የተሰራ ሞተር እዚህ 50 ላይ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ማንም አልጠየቀኝም ግን ባለ ሶስት እግሩን ስፒና ወደ ሁለት የምታደርገዋም ግራውንዱን (ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚወስደውን መስመር) ነው የምትጥልብህ፣ ብረት አካል ላለው እቃ እኔ አልጠቀማትም።

የልጅቷን ማድረቂያ ፈታሁት፣ ሽቦው ተበጥሷል። እጀታው ስር ግን በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ማዞሪያ አለች፣ በአንድ በኩል 125 በሌላው 250 ይላል። 125 ላይ ናት።