«ሽንቱ አቃጠለው»፦ ስለ ሕፃናት የመቀመጫ ሽፍታ የሚባለውና እውነታው

የሕፃን መቀመጫ ቀልቶና ተልጦ፣ ጨርቅ ሲቀየርለት በለቅሶ ቤቱን ሲሞላው፣ ጎንደር ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ሽንቱ አቃጠለው» ነው። ምክሩም ይከተላል፤ ቅቤ ቀቢው፣ ፓውደር ነስንሺበት፣ ጂቪ (ወይን ጠጁን የቁስል ቀለም) አድርጊለት፣ ጥርስ ሊያወጣ ነውና ተይው። አያትም ጎረቤትም ለልጁ አስበው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን አብዛኛው ምክር አንድ ነገር ጨምሩ የሚል ሲሆን፣ የተቆጣ ቆዳ የሚፈልገው በአብዛኛው እንዲቀነስለት ነው፤ እርጥበቱ፣ መፋተጉ፣ ሳሙናው፣ የሰገራው ቆይታ።

«ያቃጠለው ሽንቱ ነው፤ ውሃ ይጠጣና ይቅጠን»

ትኩስ ሽንት ብቻውን ጤነኛ ቆዳን ቶሎ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ቆዳው ለብዙ ሰዓት ሲርስ ነው። የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ከዚያም ልጁ በተንፈራገጠ ቁጥር ጨርቁ ይልጠዋል። ሰገራ ሲቀላቀልበት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰገራ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከሽንቱ አሞንያ ያወጣሉ፤ አሞንያው ቆዳው በተፈጥሮ ያለውን ቀላል አሲዳማነት ያጠፋዋል፤ በዚህ ጊዜ ምግብ ለመፍጨት የተሠሩት የሰገራ ኢንዛይሞች ይነቁና ቆዳውን መብላት ይጀምራሉ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ተልጦ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሽንቱን ለማቅጠን ተብሎ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ፣ የስኳር ውሃ ወይም አብሽ መስጠት ጉዳት ነው። ትንሹ ሆድ በውሃ ሲሞላ ጡት የሚጠባው ይቀንሳል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣል፣ ተቅማጡም ሽፍታውን ያባብሰዋል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ በሞቃት ቀንም ቢሆን ደጋግሞ ማጥባት ነው።

«ዳይፐሩ ገና አልሞላም»

ዳይፐር ውድ ነው፣ እናቶችም እስኪሞላ የሚጠብቁት ወደው አይደለም። የሰገራ ዳይፐር ግን አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን መቆየት የለበትም፤ እንደታየ ይቀየር። ሽንት ብቻ ከሆነ ቀን ቀን በየ2 እና 3 ሰዓቱ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን 10 ጊዜ ያህል መቀየሩ የተለመደ ነው። «ሽንት ብቻ ነው» ተብሎ የተጠቀሙበትን ዳይፐር ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ ማሰር አይሆንም፤ ውሃው ቢተንም ጨውና ባክቴሪያው እዚያው ቀርቷል። ወጪውን ለመቀነስ የሚሻለው ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ ማድረግ፣ ዳይፐሩን ደግሞ ለሌሊትና ለመንገድ ማስቀመጥ ነው።

በተለይ ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወረድ፣ ወይም ቅዳሜ ገበያ ሲዋል፣ ልጁ አንቀልባ ውስጥ ወይም ጀርባ ላይ ጭኖቹ ተጫጭነው ሰዓታት ያሳልፋል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቀይሩለትና ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ቢያንስ ሁለት መቀየሪያና አንድ ጠርሙስ ውሃ ያዙ፤ ቢተኛም እንኳ በሦስት ሰዓት ውስጥ አውርዳችሁ እዩት።

«በሳሙና በደንብ ይታሸት፣ ከባሰም ዴቶል»

ሳሙና በየቅያሪው ሲነካው ቆዳው ላይ ያለውን ቅባት ያጥበዋል። ዴቶል፣ አልኮልና የጨው ውሃ ደግሞ የተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላሉ፤ ለልጁ ስቃይ እንጂ ፈውስ አይጨምሩም። የሚበቃው ለብ ያለ ውሃ ነው። በክርናችሁ ለክታችሁ የማይሞቅና የማይቀዘቅዝ ይሁን። ሰገራውን መጀመሪያ በጨርቁ ደረቅ ጎን ጥረጉ፣ ከዚያ ንጹሕ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ነክራችሁ ከፊት ወደ ኋላ አጽዱ፤ ለሴት ልጅ ይህ አቅጣጫ ግዴታ ነው፣ ሰገራ ወደ ሽንት ቧንቧ እንዳይሄድ። በጣም ከተላጠ በጨርቅ ከመንካት ውሃ እያፈሰሱ ማጠብ ይሻላል። ሲደርቅም አይታሽም፤ ጨርቁን እየጫኑ ማንሳት ነው፣ የብሽሽቱንና የጭኑን እጥፋት ሳይረሱ። ዋይፐስ (እርጥብ መጥረጊያ) የምትጠቀሙ ሽታና አልኮል የሌለውን ምረጡ፤ ቆዳው ከተላጠ ግን እስኪድን ተዉት።

ቅባቱ የሚመጣው ከደረቀ በኋላ ነው። ለመከላከል ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ ተደርጎ ይበቃል፤ ሲበዛ የዳይፐሩን መምጠጫ ይደፍነዋል። ሽፍታው ከወጣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ቆዳው ከሥሩ እስከማይታይ ድረስ ይለጠፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በየቅያሪው የቀድሞውን ነጭ ቅባት ለማስለቀቅ ሲፈትጉ አዲስ ያበቀለውን ቆዳ ይልጡታል። የቆሸሸውን ላይኛውን ብቻ ጠርጉ፣ ንጹሑን ተዉት፣ በላዩ ጨምሩበት።

«ገላው ከተገለጠ ብርድ ይመታዋል»

የጎንደር ጠዋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ስጋቱ መሠረት አለው። ግን መቀመጫውን ለአየር መግለጥ ከማንኛውም ቅባት የማይተናነስ ሕክምና ነው። ከላይ ሹራቡን ካልሲውን ይልበስ፤ በሩን ዝጉ፣ የታጠፈ ጨርቅ ከሥሩ አንጥፉ፣ ከወገቡ በታች ብቻ ገልጣችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ አቆዩት። ረፋድ ላይ ቤቱ ሲሞቅ ጥሩ ሰዓት ነው። የተላጠውን ቆዳ በቀጥታ ለቀትር ፀሐይ ማስጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፣ ፀሐዩ የሕፃን ቆዳ በቶሎ ያቃጥላል።

«ለጋ ቅቤ የማያድነው የለም»

ቅቤ ንጹሕ ስብ ብቻ አይደለም፤ ውሃና የወተት ቅሪት አለበት፣ ሲሻግትም ባክቴሪያ ያበዛል። ከገበያ መጥቶ በብዙ እጅ ያለፈ ቅቤ በተላጠ ቆዳ ላይ ማድረግ ቁስሉን ለኢንፌክሽን መክፈት ነው። ቅቤ የሚፈለግበትን ሥራ፣ ማለትም እርጥበትን ከቆዳ መለየትን፣ ቫዝሊን በንጽሕና ይሠራዋል።

«ፓውደር ያደርቀዋል»

ፓውደር ሲረጥብ እጥፋቶች ውስጥ ይጓጉልና እንደ አሸዋ ይፈትጋል። ሲነሰነስም ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። አያስፈልግም።

«ጨርቅ ምንም አያደርግም፤ የሚያቆስለው ዳይፐር ነው»

ጥሩ የሚመጥ ዳይፐር በሰዓቱ ከተቀየረ ቆዳውን ከጨርቅ ይልቅ ደረቅ ያደርገዋል። ጨርቅም ቢሆን በአግባቡ ከተያዘ ጥሩ ነው፤ ጣጣው ያለው አጠባው ላይ ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ውሃ መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም፣ የሚቀነሰው ማለቅለቂያው ነው። ያልለቀቀ የዱቄት ሳሙና ወይም በረኪና ጨርቁ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ልጁ ሲሸና ይሟሟና ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጨርቁ የነካው ቦታ ሁሉ ቀልቶ እጥፋቶቹ ደህና ከሆኑ ይህንንም ጠርጥሩ።

ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፉ፤ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቁ፤ በሙቅ ውሃና በትንሽ ተራ ሳሙና እጠቡ፤ አረፋው ፈጽሞ እስኪጠፋና ውሃው እስኪጠራ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ውሃው ካነሰ ሳሙናውን ቀንሱ እንጂ ማለቅለቂያውን አትቀንሱ። ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርቅ ለመድረቅ ሁለት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ በቀን 10 ጊዜ ለሚቀየርለት ሕፃን ቢያንስ 25 ጨርቅ ካልተዘጋጀ እርጥቡን ወደ ማሰር ይገባል። በካውያ ተተኩሶ የመጨረሻው እርጥበት ይወጣለታል። ከጨርቁ ላይ ላስቲክ መጠቅለል ግን ልብስን ከመርጠብ ቢያድንም ቆዳውን በእንፋሎት ያፍነዋል።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው፤ ያልፋል»

ጥርስ ማውጣት ተቅማጥ አያመጣም። ጊዜው ይገጣጠማል እንጂ። 6 ወር ሲሆነው ምግብ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል፣ ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል፣ መቀመጫውም ይላጣል። ተቅማጡ የጥርስ ነው ተብሎ ሲታለፍ የልጁ ሰውነት ውሃ ይጨርሳል። ይባስ ብሎ ድዱ ላይ ነጣ ያለው እብጠት «የትል ጥርስ» ነው ተብሎ ይነቀላል፣ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ያ እብጠት ገና ያልወጣ ጤነኛ ጥርስ ነው፤ መንቀሉ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽንና ቲታነስ ያመጣል። እባካችሁ ይህን ለማንም አትፍቀዱ።

ለተቅማጡ የሚደረገው ይህ ነው፤ ጡት ይጨመር፣ አንዱ የለምለም (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ORS) እሽግ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥበጥና ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ባለ 20 ሚሊግራም የዚንክ እንክብል ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን አንድ፣ ከዚያ በታች ላለ ግማሽ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ለ10 ቀን ይቀጥላል። በውስጥ የሚሰጠው ዚንክና የሚቀባው ዚንክ አንዱ ሌላውን አይተካም።

«ፈንገስ ነው፤ ሁሉን የሚያድን ቅባት ፋርማሲ አለ»

ተራው ሽፍታ ጉብ ጉብ ባሉት ቦታዎች፣ ማለትም መቀመጫው፣ ጭኑና ከእምብርቱ በታች ላይ ይወጣል፤ ዳይፐሩ የማይነካቸው እጥፋቶች ይተርፋሉ። ፈንገሱ ግን እጥፋት ውስጥ ይገባል፣ ቀለሙ ይበረታል፣ ከዳሩ ራቅ ብለው ትናንሽ ነጥቦች ይበታተናሉ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ወዳለ ቀለም ያደላል፣ ስለዚህ ቦታውንና ነጥቦቹን ተመልከቱ። አፉ ውስጥ የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ፣ ወይም ልጁ በቅርቡ አንቲባዮቲክ ከወሰደ፣ ወይም ተራው እንክብካቤ በ3 ቀን ካላሻለው የፈንገስ ጥርጣሬ ይጠነክራል። ሕክምናው ኒስታቲን ወይም 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ነው፤ ስስ ተደርጎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዚንኩ ከላዩ። ሲጠፋ ወዲያው ማቆም ስህተት ነው፤ ጥቂት ቀን ይቀጥል።

በጣም የሚያሳስበን ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የተባለው ጠንካራ ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለበት ቅባት ነው። በሁለት ቀን መቅላቱን ስለሚያጠፋ ይወደዳል። ዳይፐር ውስጥ ያለ ቆዳ ግን ስስና የታፈነ ስለሆነ መድኃኒቱን ወደ ሰውነት በብዛት ያስገባል፤ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ፈንገሱን ይሸፍነዋል እንጂ አይገድለውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነካ።

«ሲድን ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ለምጽ ነው»

ተቆጥቶ የነበረ ቆዳ ሲድን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከዙሪያው ነጣ ወይም ጠቆር ብሎ ይቆያል። ቀስ በቀስ በራሱ ይመለሳል፤ ምንም አይቀባ።

«ለሽፍታ ሐኪም ቤት አይኬድም»

አብዛኛው በቤት ይድናል፣ በ3 ቀን ውስጥም መሻሻሉ ይታያል። ትኩሳት፣ መግል የቋጠረ ብጉር፣ ውሃ የያዘ እብጠት፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት፣ ደም ወይም ከዳይፐሩ ውጪ የሚስፋፋ መቅላት ካለ ግን ያን ቀኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዕድሜው ከአንድ ወር በታች ከሆነ መግል የቋጠረ አንድ ብጉር እንኳ ቢታይ ሳትጠብቁ ውሰዱት። ከመሄዳችሁ በፊት ጂቪ አትቀቡት፤ ወይን ጠጁ ቀለም ባለሙያው ማየት ያለበትን ሁሉ ይሸፍናል። እስካሁን የቀባችሁትን የቅባት ቱቦ ሁሉ ግን ይዛችሁ ሂዱ።