«አንተም ብሩተስ?»፦ ትርጉሙ፣ መነሻውና ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ተከታዩ ቃል

«አንተም ብሩተስ?» የሚለውን አባባል ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጓደኛ ሲከዳ፣ የሥራ ባልደረባ ከኋላ ሲወጋ፣ ወንድም ከተቃዋሚ ጎን ሲቆም ይባላል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «ሌላው ያድርገው፣ ከአንተ ግን አልጠበቅኩም» ማለት ነው። አማርኛችንም በዚህ በኩል ድሃ አይደለም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እንላለን። «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» እንላለን። ነገር ግን እነዚህን ሁለቱን የሚናገረው ሰው ጉዳቱ ካለፈ በኋላ ተቀምጦ የሚያወራ ነው። «አንተም ብሩተስ?» የሚለው ሰው ግን ጩቤው ገና አልተነቀለለትም። ከወጋው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ነው። አባባሉ ይህን ያህል ዘመን የኖረው በዚህ ይመስለኛል።

ከጓደኞቼ ጋር ስንሰባሰብ የምንወደው ጨዋታ አለ። አንዱ ከቆየ ቲያትር ዝነኛ መስመር ይጥላል፤ ሌላው ከየትኛው ተውኔት እንደሆነና ማን እንደተናገረው ይመልሳል። «አንተም ብሩተስ?» ሲባል የማይመልስ የለም። የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ነው፤ ተናጋሪው ራሱ ቄሳር፣ ወዳጁ ብሩተስ ባለበት ሴራ የሚገደለው የሮም ገዥ ነው። ስለዚህ እኔ ጥያቄውን እለውጠዋለሁ። «እሺ፣ ቄሳር ቀጥሎ ምን አለ?» እላለሁ። እዚህ ላይ ሁሉም ይያዛል። አንዱ «ምን ይላል፣ ሞተ እንጂ» ይላል። ሌላው «ብሩተስን ረገመው» ብሎ ይከራከራል።

ሁለቱም አይደለም። «እንግዲያውስ ቄሳር ይውደቅ!» ነው ያለው። ከዚያ በኋላ ነው የሚሞተው።

ይህች ተከታይ ቃል ስትጨመር አባባሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ለብቻው ሲጠቀስ ወቀሳ ይመስላል፤ ጣት መቀሰር ይመስላል። ከተከታዩ ጋር ሲነበብ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው። ቄሳር «ብሩተስ ከእነሱ ጋር ከሆነስ ከእንግዲህ መቆሜ ለምኔ?» እያለ ነው። እኔ የአባባሉ እውነተኛ ትርጉም ይህ ነው ባይ ነኝ።

ትዕይንቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሦስተኛው ገቢር፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ነው። ሜቴለስ ሲምበር የተባለው ሰው ቄሳር ፊት ወድቆ የተሰደደ ወንድሙን ይቅር እንዲልለት ይለምናል። ልመናው ሽፋን ነው፤ ሴረኞቹ በዚሁ አሳበው ቄሳርን ይከቡታል። ብሩተስም ቀርቦ የቄሳርን እጅ ይስማል። «እጅህን የምስመው ለሽንገላ አይደለም» ይለዋል። ቄሳር ይደነግጣል። ብሩተስ ለእንዲህ ያለ ሰው ሲለምን ማየቱ ራሱ አልተዋጠለትም። ቢሆንም ልመናውን አይቀበልም፤ «እኔ እንደ ሰሜን ኮከብ የማልነቃነቅ ነኝ» ይላል። ከሴረኞቹ አንዱ ካስካ «እጆቼ ሆይ፣ እናንተ ተናገሩልኝ!» ብሎ መጀመሪያ ይወጋል። ሌሎቹ ይከተላሉ። ብሩተስም ይወጋል። እጁን ከሳመ ገና ብዙም ሳይቆይ ነው። «አንተም?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ መሳም ጋር አብሮ ካልታሰበ ግማሹ ይጎድላል።

የአባባሉን ፍቺ እዚያው ተውኔት ውስጥ የሚሰጠን የቄሳር ወዳጅ ማርክ አንቶኒ ነው። በቀብሩ ንግግር የቄሳርን የተቀዳደደ ካባ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሳያል። «የካሲየስ ጩቤ በዚህ ገባ፤ ካስካ በዚህ ቀደደው፤ የተወደደው ብሩተስ በዚህ ወጋው» እያለ በጣቱ ያመለክታል። ልብ በሉ፣ አንቶኒ ግድያው ሲፈጸም እዚያ አልነበረም። ከሴረኞቹ አንዱ ትሬቦኒየስ ሆን ብሎ ወደ ውጭ ወስዶት ነበር። የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ሕዝቡ ግን ይህን አይጠይቅም፤ ያለቅሳል። ቀጥሎ አንቶኒ ዋናውን ነገር ይናገራል። ቄሳርን ያሸነፈው የከዳተኞች ክንድ ሳይሆን ከክንዳቸው የበረታው ውለታ ቢስነት ነው ይላል። ብሩተስ ሲወጋው ባየ ጊዜ ያ ታላቅ ልብ ፈነዳ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ማንም አይጽፍለትም።

አሁን ወደ መነሻው እንሂድ። እውነተኛው ቄሳር ይህን ብሏል ወይ?

ቄሳር የተገደለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ ማርች 15 ቀን ነው። ቦታው የሮም ምክር ቤት የተሰበሰበበት የፖምፔ አዳራሽ ነበር። ሼክስፒር ካፒቶል ወደሚባለው የሮም ኮረብታ አዛውሮታል፤ ይህም ለጓደኛ መፈተኛ የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ነው። ታሪኩን ከ150 ዓመት በላይ ዘግይቶ የጻፈው ሮማዊው ስዌቶኒየስ 23 ቁስል እንደነበረበትና በሐኪሙ አስተያየት ለሞት የሚያበቃው ሁለተኛው፣ ደረቱ ላይ ያረፈው ብቻ እንደነበር ይነግረናል። ስለ ቃሉ ሲናገር ጥንቃቄ ያደርጋል። ቄሳር በመጀመሪያው ምት ከማቃሰት በቀር አንድም ቃል አላወጣም ይላል። ከዚያ «አንዳንዶች ግን» ብሎ፣ ብሩተስ ሲመጣበት ቄሳር በግሪክኛ «አንተም ልጄ?» እንዳለው ጽፈዋል ይላል። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ደግሞ ቄሳር ብሩተስ ጩቤ መዞ ሲመጣ ባየ ጊዜ ካባውን ራሱ ላይ ስቦ መከላከሉን እንዳቆመ ጽፏል። ስለዚህ በላቲን «ኤት ቱ ብሩቴ» ማለቱን የሚመሰክር ጥንታዊ ጸሐፊ የለም። በግሪክኛ ተባለ ስለሚባለው ቃል እንኳ ሊቃውንት አይስማሙም። ጥቂቶቹ ጥያቄ ሳይሆን እርግማን ነው፣ «ለአንተም ይድረስህ» እንደ ማለት ነው ይላሉ።

«ልጄ» የሚለው ቃል ብዙ ወሬ አስነስቷል። የብሩተስ እናት ሰርቪሊያ የቄሳር ፍቅረኛ ነበረች። ከዚህ ተነስቶ ብሩተስ የቄሳር ልጅ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሜት በጥንቱም ዘመን ነበር። ዕድሜያቸው ግን አይገጥምም። ቄሳር የተወለደው በ100፣ ብሩተስ በ85 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። የ15 ዓመት ልጅ አባቱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ውለታው ግን እርግጥ ነው። በፋርሳሉስ ጦርነት ብሩተስ ከቄሳር ጠላት ከፖምፔ ጎን ተሰልፎ ነበር። ቄሳር ሲያሸንፍ ማረው። መማር ብቻ አይደለም፤ ግዛት ሰጥቶ ሾመው። እንግዲህ የተነከሰው ያጎረሰ እጅ ነው።

የላቲኑ ቃል ሼክስፒር የፈጠረውም አይደለም። በ1595 በታተመ፣ ስለ ዮርኩ መስፍን ስለ ሪቻርድ በሚተርክ ተውኔት ውስጥ «ኤት ቱ ብሩቴ፣ አንተም ቄሳርን ትወጋለህ?» የሚል መስመር አለ። «ጁሊየስ ቄሳር» መድረክ ላይ የወጣው በ1599 አካባቢ ነው። ቶማስ ፕላተር የተባለ የስዊስ ተጓዥ በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 21 ቀን በለንደን ስለ ቄሳር የሚተርክ ትራጀዲ ማየቱን ጽፏል፤ አብዛኞቹ አጥኚዎች ያየው ይህንኑ ተውኔት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ተመልካቹ ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስላል። ሼክስፒር የራሱን ድርሻ የጨመረው «እንግዲያውስ ቄሳር ይውደቅ» በሚለው ላይ ነው። ዓለም የያዘው የተዋሰውን፣ የረሳው የራሱን መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለነገሩ ሁሉንም ልናጣው እንችል ነበር። ተውኔቱ በደራሲው ዕድሜ አልታተመም። ሼክስፒር በ1616 ሞተ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ ሁለት የሙያ ባልደረቦቹ ሄሚንጅስና ኮንደል 36 ተውኔቶቹን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእነዚህ ግማሹ ከዚያ በፊት ታትሞ አያውቅም። «ማክቤት» አንዱ ነው። «ጁሊየስ ቄሳር»ም እንዲሁ።

ይህን «ቀጥሎስ?» የሚል ጥያቄ በሌሎች መስመሮችም ሞክሩት። «መሆን ወይም አለመሆን» ሲባል ብዙ ሰው ሐምሌትን የራስ ቅል ይዞ ነው የሚያስበው። ንግግሩ ያለው ሦስተኛው ገቢር ላይ ነው፤ የራስ ቅሉ የሚመጣው በአምስተኛው፣ መቃብር ቦታ ነው። «ለራስህ ታማኝ ሁን» የሚለውን ምክር ስንቱ ሰው በየግድግዳው ይለጥፈዋል! ተናጋሪው በዚያው በ«ሐምሌት» ውስጥ ያለው ፖሎኒየስ መሆኑን ስትነግሩት ይገረማል። ፖሎኒየስ ልጁን እንዲህ መክሮ ከሸኘ በኋላ ሰላይ የሚልክበት አባት ነው። ጁልየት «ሮሚዮ፣ ሮሚዮ» ስትል የት እንዳለ እየፈለገችው ይመስለናል። እሷ የምትጠይቀው ለምን ሮሚዮ ሆንክ፣ ለምን የጠላት ቤተሰብ ልጅ ሆንክ ብላ ነው። ቀጣዩ መስመር «አባትህን ካድ፣ ስምህን ተው» ይላልና የሚያስታውሰው ሰው አይሳሳትም።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። ሰው ስልክ ባላነሳ ቁጥር «አንተም ብሩተስ?» ሲባል አልወድም። ከባድ ቃል ነው። አንደኛ፣ ሌሎች አስቀድመው ተነስተውብህ መሆን አለበት፤ «አንተም» የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ያመንከው፣ ያቀረብከው፣ ውለታህ ያለበት መሆን አለበት። አንድ ጓደኛዬ ከሥራ ሲባረር ውሳኔውን ከፈረሙት መካከል ራሱ ያስቀጠረውን ልጅ ስም አገኘ። ወረቀቱን አጣጥፎ «አንተም ብሩተስ» አለና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ይግባኝ የማለት መብት ነበረው፤ ግን አላለም። እሱ የቄሳርን ሁለተኛ ቃል ሳያውቀው ኖሮታል።

ለጓደኞቼ የማቀርበው የመጨረሻ ጥያቄ ይህ ነው፦ ብሩተስ ለቄሳር መልስ ሰጥቷል? ብዙዎቹ አልሰጠም ይላሉ። ጥቂት ጎበዞች የአደባባዩን ንግግር ያስታውሳሉ። «ቄሳርን ስላነሰ ፍቅሬ ሳይሆን፣ ሮምን አብልጬ ስለወደድኩ ነው» ያለውን ማለታቸው ነው። ያ ግን ለሕዝቡ የተሰጠ መልስ ነው። ለቄሳር ለራሱ የተሰጠው መልስ አምስተኛው ገቢር ላይ፣ ፊሊፒ የጦር ሜዳ ላይ ነው ያለው። ጦሩ ተሸንፏል። ብሩተስ አገልጋዩ ስትራቶ ሰይፉን እንዲይዝለት ይለምነዋል። ወደ ሰይፉ ሮጦ ይወድቅና እንዲህ ይላል፦ «ቄሳር፣ አሁን ዕረፍ፤ አንተን ስገድል የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ ፈቃደኛ አልነበርኩም።» ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አይናገርም።