«ኤክስትራ!»፦ የድሮ የአሜሪካ ጋዜጦች ልዩ እትም እና አዟሪዎቹ

ዛሬ «ኤክስትራ» ሲባል ትዝ የሚለን ትርፍ ነገር ነው። በድሮው የአሜሪካ ጋዜጠኝነት ግን ኤክስትራ ራሱ ጋዜጣ ነበር። ከጠዋቱና ከማታው እትም ውጭ፣ ከባድ ወሬ ሲመጣ ሰዓት ሳይጠበቅ ታትሞ መንገድ ላይ ይቸበቸባል። እኛ ልዩ እትም የምንለው መሆኑ ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ እንደ ስሙ አያስፈራም። ብዙ ጊዜ የሚቀየረው የፊት ገጹ ብቻ ነበር። ማሽኑ ይቆማል፣ የአንደኛው ገጽ ማተሚያ ቅርጽ (ከእርሳስ ብረት የሚሠራ) ወርዶ አዲስ ይገጠማል፣ የውስጡ ግን ጠዋት የተሸጠው ራሱ ነው። ጋዜጣውን ኤክስትራ የሚያደርጉት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎዳና ላይ እየሮጡ የሚጮኹት ልጆች ነበሩ።

ቴሌግራፍ ሲስፋፋ ኤክስትራም ተስፋፋ። ዲሴምበር 20 ቀን 1860 ሳውዝ ካሮላይና ከአሜሪካ ኅብረት መውጣቷን ስታውጅ «ቻርልስተን ሜርኩሪ» ወዲያው «ኅብረቱ ፈረሰ!» የሚል ባለ አንድ ቅጠል ኤክስትራ አወጣ።

ወርቃማው ጊዜ 1898 ነው። በፌብሩዋሪ ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሃቫና ወደብ ላይ ፈንድታ ሰጠመች፣ ከስፔን ጋር ጦርነት ተከተለ፣ የኒው ዮርክ ሁለት ባላንጣዎች፣ የጆሴፍ ፑሊትዘር «ወርልድ» እና የዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት «ጆርናል»፣ ኤክስትራ በኤክስትራ ላይ መደራረብ ጀመሩ። በአንድ ቀን 40 እትም የወጣበት ጊዜ አለ ይባላል፤ የተጋነነ ይመስላል። ትኩስ ነገር ሲጠፋ ያው የጠዋቱ ወሬ ትልቅ ርዕስ ተጭኖበት እንደ አዲስ ይወጣ ነበር።

ጋዜጣው ሲቸበቸብ ሁለቱ ጌቶች የልጆቹን ትርፍ አዩ። አዟሪዎቹ 100 ጋዜጣ በ50 ሳንቲም ገዝተው አንዱን በ1 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የጅምላው ዋጋ 60 ሆነ። ልጆቹም ገበያ ስላለ ችለው ዝም አሉ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሌሎቹ ጋዜጦች ወደ ድሮው ዋጋ ሲመለሱ «ወርልድ» እና «ጆርናል» እምቢ አሉ። ያልተሸጠውንም መልሰው አይገዙም፤ ኪሳራው የልጁ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ነበሩ።

በጁላይ 1899 አድማ መቱ። ብሩክሊን ድልድይ ላይ ወጥተው መንገድ ዘጉ፣ ሁለቱን ጋዜጦች ይዞ የተገኘ አዟሪ ጋዜጣው ይቀደድበታል፣ ኧርቪንግ ሆል በሚባል አዳራሽ የጠሩት ስብሰባ ደግሞ ወደ 5,000 ልጅ ሰበሰበ። የ«ወርልድ» ስርጭት ከ360,000 ወደ 125,000 ወረደ። ከመሪዎቹ አንዱ ኪድ ብሊንክ የሚባል አንድ ዓይና ልጅ ነበር። ጉቦ በልቶ አድማውን ሸጠ ብለው ያሙታል፤ እሱ ክዷል፣ የተረጋገጠም ነገር የለም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ስምምነት ተደረሰ፦ ዋጋው 60 ይቀጥል፣ ያልተሸጠውን ግን ጋዜጦቹ መልሰው ይግዙ። ለእነዚያ ልጆች ትልቅ ድል ነው፤ በዘመኑ የነዚህን ሁለት ባለሀብቶች እጅ የጠመዘዘ ብዙ ሰው አልነበረም።

የኤክስትራ ትልቁ ቅሌት የኖቬምበር 7 ቀን 1918 ነው። የአሜሪካው የዜና ወኪል የዩናይትድ ፕሬስ ዋና ኃላፊ ሮይ ሃዋርድ ፈረንሳይ፣ ብሬስት ከተማ ሆኖ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቷል የሚል መልእክት ላከ። ወሬውን የሰጠው የአሜሪካ የባሕር ኃይል አድሚራል ስለነበር ሰውየውን ብቻ መውቀስ ይከብዳል። ኤክስትራው ወጣ፣ ሕዝቡ ከሥራ ነቅሎ አደባባይ ሞላ፣ ጨፈረ። ጦርነቱ ያበቃው ከአራት ቀን በኋላ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ መጣ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ሆኖም ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ሃዋይ ያለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበር በጃፓን ቦምብ ሲደበደብ የዚያው አገር ጋዜጣ «ሆኖሉሉ ስታር ቡለቲን»፣ እሑድ የማይወጣው የማታ ጋዜጣ፣ ገና ጠዋት «ጦርነት!» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀን ሦስት ኤክስትራ አተመ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ም ብዙ የአሜሪካ ጋዜጦች ከሰዓት በኋላ ልዩ እትም አውጥተዋል።

አሁን ልማዱ በደንብ የሚታየው ጃፓን ነው። እዚያ «ጎጋይ» ይሉታል፣ በነጻ ይታደላል። ኤፕሪል 1 ቀን 2019 የአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ሲታወጅ ቶኪዮ ውስጥ ሕዝቡ፣ ወሬውን ቀድሞ በስልኩ ሰምቶም፣ አንዷን ቅጠል ለማግኘት ይጋፋ ነበር።